ውዳሴ ለእምድብር የፊደል ቤት

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ በእንሰት ጥላ የተመሠረትሽ፣ ከጀፎረው ሣር ዳር ፊደል የዘረጋሽ፣ የእምድብር ትምህርት ቤት ሆይ! ሰላም ለደጃፍሽ፤ ሰላም የማለዳውን ጤዛ በባዶ እግራቸው እየረገጡ ለመጡብሽ ሕፃናት፤ ሰላም ከጓሮሽ ረድፍ ይዞ ለቆመው፣ ቅጠሉ ለዳቦ ኮባ፣ ሥሩ ለረሃብ መድኅን ለሆነው ክቡር ተክል!

የነገሥታት ውዳሴ ከዙፋን ይነሣል፤ የጻድቃን ውዳሴ ከገድል ይነሣል። ያንቺ ውዳሴ ከአፈር ካልተነሣ ግን ጎደሎ ነው። ስለ አንቺ አፉን የሚከፍት ሁሉ መሥራቾችሽን ያስቀድማል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ከእነርሱ በፊት እጅ የምነሣው ለሌላ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ሳይሰቀል፣ ደወል ሳይደወል፣ ቀለብሽን አዘጋጅቶ ለጠበቀሽ ምድር። ሌላው ቢቀር የምስጋናው ቅደም ተከተል አይዛባብኝ።

ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የእምድብር አገር የሆነው የጉራጌ ቸሃ ምድር ይቀበለዋል። የጊቤ ሸለቆ ወበቅ ከኋላው ይቀራል፤ አየሩ ይለዝባል፤ በስተምሥራቅ የጉራጌ ተራሮች ይሰለፋሉ፣ ከሁሉም በላይ ዘቢዳር ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። ከዚያ ዓይን የሚያርፈው በጀፎረው ላይ ነው። ጀፎረ ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ነው፤ ቤቶች በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው ይሰለፋሉ። ሠርግ የሚያልፍበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ፈረስ የሚጋልቡበት፣ ጥጃ የሚግጥበት፣ ሽማግሌ የሚሸመግልበት እርሱ ነው። ማንም አያርሰውም፤ ማንም አያጥረውም። ማሳ እንደ መዳፍ በጠበበበት አገር፣ ከዚያች ጠባብ መሬት ላይ ይህን የሚያህል ሜዳ «የሁላችን ነው» ብሎ ለትውልድ ማቆየት ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል! የሰባት ቤት ጉራጌ አበው በጆካ ሸንጎ ተቀምጠው በባህል ሕጋቸው በቅጫ የዳኙት፣ ያጸኑት፣ ያወረሱት ሥርዓት ይህን ሜዳ ከገፊ እጅ ጠብቆታል። አንቺም ልጆችሽን የሰበሰብሽው በዚሁ ጎዳና ነው። በየሸንተረሩ ተበታትኖ ለሚኖር ሕዝብ ትምህርት ቤት መሥራት ጭንቅ ነው፤ ቤት ከቤት ተያይቶ፣ ደጅ ከደጅ ተፋጥጦ በሚኖርበት አገር ግን አንድ ሕፃን ከቤቱ ሲወጣ ጎረቤቱን ይጠራል፣ ያም ሌላውን ይጠራል፣ ጀፎረው ሳያልቅ ክፍሉ ይሞላል።

ከየቤቱ ጀርባ ደግሞ እንሰቱ አለ። አቤት ያ ተክል! ዱር በቀሉ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይገኛል፤ ከዱር አውጥቶ፣ አላምዶ፣ ከቤቱ ጓሮ ተክሎ፣ ከእርሱ የዕለት እንጀራውን ያወጣ ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ ከዚህ ተክል ጋር ኑሮው የተሳሰረ ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን ይደርሳል። ቸሃዎች አሰት ይሉታል። ጠንካራው ተመርጦ ግንዱ ይቆረጣል፤ የእምብርቱ ቡቃያ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ አሚቾው፣ ማለት ሥሩ፣ ከእበት ጋር ይቀበራል። ወራት ሲያልፉ ከአንዱ እናት ዙሪያ በአሥር የሚቆጠሩ ችግኞች ይፈላሉ። እነዚያ ተነቅለው ይተከላሉ፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ደግመው ተነቅለው ራቅ ራቅ ብለው ይተከላሉ፤ ሦስተኛም ጊዜ አለ። ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ በደጋው ከዚያም በላይ፣ እስኪደርስ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ እንሰት በእንግሊዝኛ የወጣ አንድ ጥናት «ፀረ ረሃብ ዛፍ» ሲል ሰይሞታል፤ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ እግሮች፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ቆመው፣ አምስት ስድስት ነፍስ ያለውን ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ እንደሚመግቡም ጽፏል። የሰሜኑ አራሽ ዝናቡ አንድ ወር ቢዘገይበት ሰማይ ሰማይ ያያል፤ እንሰት ያለው ሰው ወደ ጓሮው ያያል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሜኑን ሲያነድ፣ የእንሰቱ አገር ብዙውን ሕዝቡን በቤቱ እንደያዘ ዘለቀ።

እኔ የእምድብርን ምስጢር የማገኘው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ማለት ነገ ይመጣል ተብሎ ዛሬን መክፈል ነው፤ ዓመት ሰባት ዓመት የሚጠበቅ ምርት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጥበቃ ከእንሰት ተካይ በላይ የሠለጠነ ሕዝብ ከወዴት ይገኛል? አባት በተከለው ልጅ የሚበላበት፣ አያት ያዛወረውን ችግኝ የልጅ ልጅ ፍቃ የምታጣፍጥበት አገር «ይህ ልጅ ፊደል ቆጥሮ መቼ ይጠቅመኛል?» ብሎ አይቸኩልም። ደግሞም እንሰት በሬ ጠምዶ በየዓመቱ ማረስን፣ ወፍ መጠበቅን፣ አጨዳን አይጠይቅም፤ ስለዚህ የልጁ ጉልበት በወቅት ሥራ አልተቀፈደደም። ከጥቁር ሰሌዳው ጋር የሚሻማው ጠላት ሌላ ነበር፤ ላም። አዎ፣ ላም! ያለ ላም እበት የለም፤ ያለ እበት እንሰት የለም፤ ላሟን ደግሞ የሚጠብቃት ያው ፊደል የሚቆጥረው ልጅ ነው። ስለ ጥንቱ ትምህርት ሲወራ «ሕዝቡ ባዕድ አምልኮ ይዞት ነበርና ትምህርትን ሸሸ» የሚሉ አሉ፤ የመብረቁን አምላክ ቦዠን የሚፈሩ አባቶች ነበሩ፣ እውነት ነው፤ እኔን ግን መብረቅ የወረደበት ዛፍ ከአንዲት የምታጠባ ላም በላይ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቷል ብሎ የሚያሳምነኝ የለም።

ፊደልም በአንቺ አልጀመረም፤ ይህን ብደብቅ ውዳሴዬ ሐሰት ይሆናል፤ አንቺም ሐሰተኛ ምስጋና አትወጂም። በምድረ ከብድ፣ በሙሁር ኢየሱስ፣ በየገዳሙ ጉባኤ ዳዊት የደገሙ፣ ጾመ ድጓ የዘለቁ ነበሩ። በቸሃው አብሬት ቁርኣን የቀሩ፣ በዝክርና በመንዙማ ሌሊቱን ያነጉ ደረሶች ነበሩ፤ የአብሬት ሼሆች ዝናም፣ የቃጥባሬው ሼህ ዝናም ከጉራጌ ወንዞች ተሻግሮ የሄደ ነው። የጆካ ሸንጎ ራሱ መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤት ነበር። የሙሁሯ የቃቄ ውርድወት በዚያ ሸንጎ ፊት ቆማ የጋብቻውን ሕግ የሞገተችው አንደበቷን በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ስላ ነው? እንግዲህ አንቺ ስትመጪ ወደ ባዶ ምድር አልመጣሽም፤ መስማት ወደሚያውቅ፣ መከራከር ወደሚያውቅ፣ ቃል ወደሚያከብር ሕዝብ መጣሽ።

አሁን ስለ መሥራቾችሽ ልናገር። ከጣሊያን ወረራ ቀደም ባሉት ዓመታት የካፑቺን ማኅበር ፈረንሳውያን ካህናት የደቡቡን ኢትዮጵያ ሐዋርያዊ ሥራ ከሐረር ሆነው ይመሩ ነበር። አለቃቸው አቡነ እንድርያስ ያሮሶ ነበሩ፤ ልጅ ተፈሪ መኮንን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በልጅነቱ ፈረንሳይኛ የቀሰመው ከእኒሁ ሰው ቤት ነው። ያ ሥራ ወደ ጉራጌ ተዘረጋ፤ በእምድብር ቤተ ክርስቲያን ቆመ፣ በአጠገቡ የፊደል ቤት ቆመ። ባዕዳኑ ካህናት ባሕር ተሻግረው፣ በበቅሎ ተጉዘው፣ በወባ ነደው መጡ፤ ክብር ለድካማቸው ይሁን! ከእነርሱ ስም ጎን ግን የአገሬውን ካህን የአባ ፍራንስዋ ማርቆስን ስም ከፍ አድርጌ እጽፋለሁ። ባዕድ መምህር ያስተምራል፤ የወንዙ ልጅ የሆነ ካህን ግን እናትን በራሷ ቋንቋ ያሳምናል፣ አባትን በጀፎረው ላይ ይሸመግላል፣ «ላሟን ዛሬ እኅቱ ትጠብቅ» ብሎ ይለምናል።

ያች እኅት! ስለ እርሷ ዝም ማለት አይቻለኝም። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ደጃፍሽን የረገጡት አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። እንሰት መትከል የወንድ፣ መፋቅ የሴት ነበርና፤ እናት ግንዱን በሳንቃ ላይ አጋድማ፣ በአንድ እግሯ ደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች እየሳበች ስትፍቅ፣ ልጅቱ አጠገቧ ሆና አሚቾውን ትከሰክሳለች፣ ጭማቂውን ለቡላ ታጠልላለች፣ ቃጫውን ታሰጣለች፣ የተፋቀውን በኮባ በተለበደ ጉድጓድ ትቀብራለች፤ ከዚያ ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይብላላል። ወንዱን ልጅ ለፊደል ነፃ ያወጣው ተክል ሴቷን ልጅ ከመፋቂያው ጋር አሰራት። ስለዚህ ከአንቺ ወጥቶ ጸሐፊ፣ ሐኪም፣ ዳኛ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ የተጻፈው የምስክር ወረቀት ሁለት ባለቤት አለው። ከክብረ በዓል ንግግሮች ሁሉ የሚጎድለው የዚህች የሁለተኛዋ ባለቤት ስም ነው። በአዳራሹ ውስጥ ስንት ጊዜ «መሥራቾች፣ በጎ አድራጊዎች፣ የክብር እንግዶች» ተብሎ ተጠርቷል! «እንሰት የፋቁልን እኅቶቻችን ይነሡልን» የተባለበት ጊዜ ቢኖር የጭብጨባው ድምፅ ወልቂጤ ይደርስ ነበር።

ወረራው መጣ። የፈረንሳይ ሚስዮናውያን በጣሊያኖቹ ዘንድ አልተወደዱምና ከያሉበት ለቀቁ፤ ያሮሶም ከአገር ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1941 በቱሉዝ ዐረፉ። ጣሊያን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚያደርሰውን መንገድ በወልቂጤ በኩል ቀደደ፤ ለጦሩ ብሎ የቀደደውን መንገድ ኋላ የጉራጌ ልጅ ለመርካቶ ተጠቀመበት፤ ታሪክ እንዲህም ይቀልዳል። ፋሽስት ተባረረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ፣ አንቺም ደወልሽ እንደገና ተሰማ።

በዚያ ዘመን መሬቱ የማን ነበር? እዚህ ላይ የውዳሴው ዜማ ትንሽ ይመር፤ ግድ የለም። በምኒልክ ዘመን፣ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ተዋግቶ ከተሸነፈ በኋላ፣ የጉራጌ ገበሬ ለመልከኛና ለነፍጠኛ ገባር ሆነ። አባቶቹ በተከሉት እንሰት መካከል ቆሞ ግብር ከፋይ ሆነ። ግብሩ በጥሬ ብር ሲጠየቅ ደግሞ ብር ከእንሰት አይፋቅምና፣ ወንዱ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ወደ ሸገር ወረደ። ተሸከመ፣ ጫማ ጠረገ፣ ቸረቸረ፤ በኋላም ሱቅ ከፈተ። ቤቱን ግን አልረሳም። መስቀል በደረሰ ቁጥር የወልቂጤ መንገድ በሰው ይጨናነቃል፤ የሄደ ሁሉ ይመለሳል፣ ሰንጋ ይጥላል፣ ክትፎ በቆጮ ይበላል፣ ለሽማግሌ ጋቢ ያለብሳል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል። «ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ በመስቀል እሳት ዙሪያ እንደ ሰላምታ የተለመደ ነው። መሬቱ ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ሲጠብ፣ የማይከፋፈለው ርስት የት እንዳለ ገበሬው ገባው፤ ወደ አንቺም መራው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ታውጆ ገባርነት ሲወድቅ ደጆችሽ ከተከፈቱ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር።

አሁን ከፍሬሽ አንዱን ላንሣ፤ አንዱን ብቻ፣ ስሙን በማንሣቴ አንደበቴ የሚጣፍጠውን። በ1928 ዓ.ም. ገደማ በቸሃ፣ ዋርደና በሚባል መንደር፣ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ተወለደ። ፊደልን ከአንቺ ቆጠረ። ከአንቺ ተነቅሎ አዲስ አበባ ተተከለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያ ተነቅሎ በፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ተተከለ፤ ከዚያም ተነቅሎ ሎስ አንጀለስ። እንሰት በተዛወረ ቁጥር ግንዱ እንደሚወፍር ይህም ልጅ በተዛወረ ቁጥር ወፈረ። በካሊፎርኒያ ከታላቁ የቋንቋ ሊቅ ከቮልፍ ሌስላው ጋር ተገናኘ፤ ሌስላው ያን ጊዜ የጉራጌን ቋንቋዎች እያደነ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ጥራዝ ያሳተመው የጉራጌ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት እስካሁን ተወዳዳሪ የለውም። ሳህለ ሥላሴም በባዕድ አገር ተቀምጦ፣ የሚያነብለት ሰው በዙሪያው በሌለበት፣ በቸሃ ቋንቋ ልቦለድ ጻፈ፤ «የሽነጋ መንደር»ን ጻፈ። ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሳተመው።

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር በእርጋታ አስቡት። የእምድብር ልጅ በትምህርት ቤት አማርኛ ተማረ፣ ፈረንሳይኛ አጠና፣ በእንግሊዝኛ ተመረቀ። ሦስት የታተሙ፣ የከበሩ፣ መጽሐፍ የሞላባቸው ቋንቋዎች በእጁ ነበሩ። ብዕሩን ባነሣ ጊዜ ግን የእናቱን ልሳን መረጠ፤ መጽሐፍ የሌለውን፣ ጋዜጣ የሌለውን፣ በጀፎረው ላይ ብቻ የሚሰማውን። ጀፎረውን ራሱን፣ ሠርጉን፣ ለቅሶውን፣ መስቀሉን፣ የቦዠን ፍርሃት፣ የእንሰቱን ጓሮ በዚያው ልሳን አስገባ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» የአፍሪካ ጸሐፍት በሚታተሙበት ታዋቂ ተከታታይ ወጣ፤ የናማጋ ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል፣ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ አፈርሳታ ተቀምጦ ወንጀለኛውን ይፈልጋል። በአማርኛም «ወጣት ይፍረደው»ንና «ባሻ ቅጣው»ን ሰጠን። አንቺ ያስቆጠርሽው ሀ ሁ የት እንደደረሰ ተመልከቺ! ምሁር ያፈራ ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ልጁ ወጥቶ፣ ርቆ፣ ሠልጥኖ ሲያበቃ የመንደሩን ቋንቋ ለመጻፍ ያላፈረበት ትምህርት ቤት ግን ምርጥ ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማመሰግንሽ ስለዚህ ነው።

ሌሎችም መጡ። አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በቸሃ ተቀምጦ ያጠናውን በ1966 በመጽሐፍ ሲያወጣ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ጠራው፤ ስያሜው ጸንቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ከጉራጌው ምሁር ከሀብተ ማርያም ማርቆስ ጋር ሆኖ የጉራጌን ቃላዊ ቅርስ፣ የአማልክቱንና የጀግኖቹን ነገር እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመ። የተጠናው ሕዝብ ልጅ ከአጥኚው ጎን ስሙን በሽፋኑ ላይ ያኖረበት መጽሐፍ ነው። ወርቁ ንዳም ኋላ «ጀብዱ» ብሎ የጉራጌን ባህልና ታሪክ በአማርኛ ጽፎ ለአገሬው አንባቢ አቀረበ።

ምስጋናው ወደ መንገድ ይሻገር፤ ፊደል ያለ መንገድ ሩቅ አይሄድምና። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ የጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ስም ከዚህ ጥረት ጋር አብሮ ይነሣል። ነጋዴው ከሱቁ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ሊስትሮው ከሳንቲሙ አዋጣ። በምሥራቁ በኩልም የሶዶ ጉራጌዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ከአለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማውጣት በማኅበር ተነሡ። መንግሥት መንገድ እስኪሠራለት አፉን ከፍቶ ያልጠበቀ ሕዝብ! መንገዱ በደረሰበት ሁሉ ገበያው ደራ፣ ገበያው በደራበት ትምህርት ቤት ተጠየቀ። ቡታጅራ የበርበሬ አገር ናት፤ ከጎረቤቷ ከማረቆ የሚመጣው ደማቅ ቀይ በርበሬ በየገበያው ሲሰጣ ዓይንን ያስነባል፣ ኪስን ይሞላል። ከተራራው ሥር ካለው እንሰት እስከ ቆላው በርበሬ ድረስ ያለው ርቀት በእግር የአንድ ጠዋት መንገድ ነው።

ቡታጅራም ለአገሪቱ የራሷን ዓይነት ትምህርት አበርክታለች። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ውስጥ እየዞረ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የሄደውን፣ የመጣውን በየቤቱ መዘገበ። ለኢትዮጵያ ጤና ጥናት ከተመሠረቱ ጠንካራ መሠረቶች አንዱ ይኸው ነው። መዝገቡን ይዘው በየደጁ የቆሙት የዚያው አገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። የአንድ ሕፃን መወለድ በወረቀት ላይ እንዲሰፍር በመጀመሪያ ሌላ ሕፃን ከሃያ ዓመት በፊት መጻፍ መማር ነበረበት።

በ1996 ዓ.ም. እምድብር ራሷን የቻለች የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መንበር ሆነች፤ አቡነ ሙሴ ገብረ ጊዮርጊስ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኑ። ከወልቂጤ ወጣ ብሎ በጉብሬም በ2004 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በባዶ እግር ፊደል የተቆጠረበት አገር ዛሬ መሐንዲስና ሐኪም በደጁ ያስመርቃል። ለዚህ ሁሉ እልል ይባል!

እልልታው መካከል ግን አንድ ነገር ሹክ ልበልሽ። ቀለብ ያበደረሽ ታሟል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ከብራድበሪ ጋር ሆኖ እንሰት የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ለይቶ ለዓለም አስታወቀ። በሽታው የመሀሉን ቅጠል ቢጫ ያደርጋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፣ የሰባት ዓመት ጥበቃን በአንድ ወቅት ያከስማል። ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያሻግረው ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋሰው ያው ቢላ ነው፤ የጀፎረው ደግነት ራሱ የበሽታው መንገድ ሆነ። መድኃኒት የሚባል ርጭት የለውም። የታመመውን እግር ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይበላው መከልከል፣ ጤነኛ ችግኝ መምረጥ፣ ቢላውን በእሳት ማሳለፍ፤ ያለው ዘዴ ይህ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት የእንሰትን ዘረመል የመጀመሪያ ንድፍ አውጥተዋል፤ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ፍለጋም ቀጥሏል። ገበሬው ራሱ ለየዝርያው ስም ያወጣ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን ለይቶ ያቆየ የዕፅዋት ሊቅ ነውና ከሊቃውንቱ ጋር እኩል ሊቀመጥ ይገባዋል።

እንግዲህ የፊደል ቤት ሆይ፣ ልጆችሽን ላኪ። ያ ከቀለም የተመለሰ ልጅ፣ አሁን ደጃፍሽን እኩል የረገጠችው እኅቱም፣ ከእናታቸው ጓሮ ይግቡ። የመሀሉን ቅጠል ገልብጠው ይመልከቱ። ቢላውን ከእናታቸው እጅ ተቀብለው ስለቱ እስኪግል በእሳት ላይ ይያዙት፤ ከዚያ ለጎረቤት ያውሱት።